«ካቆምኩ በኋላ ነው ተስፋ የቆረጥኩት»፦ ከሱስ ስለማገገም የአንባቢያን ጥያቄዎች

ለዚህ እትም ከመረጥናቸው ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «እንዴት ላቁም?» አይሉም። ሱሱን አቁመዋል፤ የከበዳቸው ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አንዲት እናት የላኩልን ጥያቄ ግን ጊዜ የማይሰጥ ስለሆነ እሱን አስቀድመናል። እንደተለመደው ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ልጄ 31 ዓመቱ ነው። ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የቡና ስኒ እንኳ ሳያፈስ መያዝ አይችልም። ሰሞኑን ራሱ «እማዬ፣ በቃኝ» አለኝ። ሐሳቡን ሳይቀይር ሁለት ሱባኤ ጸበል ላስገባው ነው። ቤት ያለውን አረቄም ደፍቼዋለሁ። ደግ አደረግሁ? (ከጎንደር)

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ ከራሱ አፍ «በቃኝ» ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ያለ ሐኪም፣ በአንድ ጊዜ፣ ቤት ውስጥ እንዲያቆም አይደረግም። መጨረሻ ከጠጣበት ሰዓት ጀምሮ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስና ፍርሃት ይመጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ በአንዳንዱ ላይ ሌላ ነገር ይከተላል፦ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያተኩሰዋል፣ ልቡ ይሮጣል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። ብዙ ቤተሰብ ቅዠቱን የክፉ መንፈስ ጩኸት ነው ብሎ ልጁን አስሮ ያቆየዋል፤ ሕክምና የሚያስፈልገው ግን በዚያው ሰዓት ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ አጠቃላይ ሆስፒታል ይውሰዱት። ሐኪም እስኪያየው ድረስ መጠጡን ድንገት አይንጠቁት። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ዲያዜፓም የተባለውን መድኃኒት ሰጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀነሰ ያቆመዋል። ይህን መድኃኒት ግን ራስዎ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው እንዳይሰጡት፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያቆማል። ቫይታሚን ቢ1ም ያስፈልገዋል። ብዙ የሚጠጣ ሰው ቢ1 ያጥረዋል፤ ሳይሰጠው ግሉኮስ ከተሰቀለለት አንጎሉ ላይ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ነርሷ ግሉኮስ ስትሰቅል «ጠጪ ነው፤ ቢ1 ተሰጥቶታል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጸበሉስ? የሚቀር ነገር አይደለም፤ ያ የመጀመሪያው ሳምንት ይለፍለት እንጂ። ሲሄድ የታዘዘለትን መድኃኒት ይዞ ይሂድ፤ ለሚያጠምቁትም አስቀድመው ይንገሯቸው። በባዶ ሆድ ጆግ በጆግ ላይ እየደገመ እንዳይጠጣ፤ ምግብ በሌለበት ብዙ ውኃ የደምን ጨው ስለሚያወርደው ያንፈራግጣል። ካንፈራገጠው በጎኑ ያስተኙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አያስገቡ፣ ክብሪት ጭረው አያሽትቱት። ደቂቃውን ይቁጠሩ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ከደገመው የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጥሩ፤ መኪና ከተገኘም አምቡላንሱን አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። ለአሥር ዓመት ያህል አረቄና ቢራ ጠጥቻለሁ። ሆስፒታል ተኝቼ፣ ታክሜ ካቆምኩ 70 ቀን ሞላኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በደስታ ነበር ያሳለፍኳቸው፤ ሥጋ ለበስኩ፣ ፊቴ ጠራ፣ የሰፈር ሰው «ጎበዝ» አለኝ። አሁን ግን ምንም አይጥመኝም። ኳስ እከፍታለሁ፤ ማን እንዳገባ ሳላውቅ ያልቃል። ልጄ ስትስቅ እንኳ እንደ ሰው አይሰማኝም። ሌሊት ስጠጣ በሕልሜ እያየሁ በላብ ተነክሬ እባንናለሁ። ስጠጣ ተስፋ ነበረኝ፤ «አንድ ቀን አቆማለሁ» እል ነበር። ካቆምኩ በኋላ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግመን አነበብናት። እውነት ነው፤ ያ ተስፋህ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፤ ቦታው ላይ የገባ ሌላ ደግሞ የለም። አሁን የምታየውን ባዶነት ግን የሕይወትህ እውነተኛ መልክ አድርገህ አትውሰደው። አልኮል ደስታ የሚሰማንን የአንጎል ክፍል ለዓመታት በየቀኑ ሲቆሰቁሰው አንጎል በበኩሉ ድምፁን ይቀንሳል፤ ዶፓሚንን የሚቀበሉ ተቀባዮች ያንሳሉ። መጠጡ ሲቆም ተቀባዮቹ በማግስቱ አይመለሱም፤ ወራት ይፈጅባቸዋል። በመሃል የልጅህ ሳቅ ድምፁ እንደተቀነሰ ሬዲዮ ይሆናል። ጣቢያው አለ፣ ዘፈኑም አለ፤ አንተ ጋ የሚደርሰው ግን ሹክሹክታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ደስታ ደግሞ ከሕመም የመገላገል ደስታ ነበር፤ ስለዚህ «ያኔ ደህና ነበርኩ፣ አሁን ወደ ኋላ ሄድኩ» ብለህ አታወዳድር።

ሕልሙም የታወቀ ነው። አልኮል ሕልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያፍናል፤ ሲነሳ ሕልሙ በእጥፍ ይመለሳል። በሕልም መጠጣት ብዙ ያገገሙ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያዩት ነገር ነው፤ ልትወድቅ ነው ማለት አይደለም። ስትነቃ መብራት አብራ፣ ውኃ ጠጣ፣ እግርህን ወለል ላይ አሳርፍና ቀኑን ጮክ ብለህ ተናገር፦ «ዛሬ 71ኛ ቀኔ ነው»።

አሁን ወደ ሥራው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለን ልንሸኝህ አንፈልግም፤ እንቁላሉ እስኪሄድ በየቀኑ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ምን እንደሚደረግ ነው የቸገረህ። ባለ 50 ገጽ ደብተር ግዛ። ማታ ከመተኛትህ በፊት ለነገ ሁለት ነገር ብቻ ጻፍ፦ አንዱ የሚሠራ (የተበላሸ የበር ማጠፊያ መቀየር፣ ለባለሱቁ ያለብህን 300 ብር መክፈል)፣ ሌላው ድሮ ደስ ይልህ የነበረ (ልጅህን ይዘህ አንድ ፌርማታ በእግር መሄድ)። እያንዳንዱ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ሰዓቱም ይጻፍ። ከመጀመርህ በፊት ስሜትህን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጠው፣ ስትጨርስ እንደገና ስጠው። መጀመሪያ ላይ ከ2 ወደ 3 ነው የሚሄደው፤ አንዳንድ ቀን 2 ላይ ይቀራል። በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩን ገልብጠህ እየው። ማታ «ዛሬም ምንም አልተሰማኝም» ብለህ የተኛህበት ቀን ላይ 4 ተጽፎ ታገኛለህ። የደከመ አንጎል ደህናውን አይመዘግብም፤ ደብተር ይመዘግባል።

ይህ የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ፍላጎት እስኪመጣ መጠበቅ። አንተ ባለህበት ጊዜ ፍላጎት ከሥራው በኋላ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሰዓቱ ሲደርስ ሳይመርህም ሳይጥምህም ተነሳ። ሁለተኛው፣ በ70 ቀን ውስጥ የአሥር ዓመት ዕዳ ለመክፈል፣ ቤት ለማደስ፣ የተቀየመውን ዘመድ ሁሉ ለማስታረቅ መነሳት ነው፤ ሰው በአንድ ሳምንት ይዝላል። ሦስተኛው የምሽቱ ክፍተት ነው። ድሮ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ግሮሰሪ ትቀመጥ ከነበረ እነዚያ ሦስት ሰዓታት ባዶ ሲሆኑ ራሳቸው ይጠሩሃል። ከሥራ እንደወጣህ በ10 ሰዓት ተኩል አንድ ነገር ብላ፤ ረሃብና ድካም አምሮት ይመስላሉ። ወደ ቤት የምትሄድበትንም መንገድ ቀይር፣ ትንሽ ቢረዝምም። ቡናውን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ተው፤ አቦሉን ከጠጣህ በረካው ይለፍህ። ሌሊቱ ቢበላሽም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሳ፤ እንቅልፍ የሚስተካከለው በመነሻ ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ግን ለሐኪም እንጂ ለደብተር አይተውም። ከመጠጥ የሚመጣ ድብርት በብዙ ሰዎች ላይ ካቆሙ በሦስት ወይም አራት ሳምንት ውስጥ በግልጽ ይቀንሳል። አንተ 70 ቀን አልፈሃል። ነገር አለመጣም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ራስን እንደ ከንቱ መቁጠር፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል በአብዛኛው ቀን ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብህ ራሱን የቻለ የድብርት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። የታከምክበት ቦታ ተመለስ፤ ካልሆነም አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሂድ። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራም ጠይቅ፤ ሁለቱም እንዲህ ያደርጋሉ። ፍሉኦክሰቲን የመሰለ መድኃኒት ከታዘዘልህ ለውጡ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት እንደሚወስድ ቀድመህ እወቅ። ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚያቆመው ይህን የነገረው ስለሌለ ነው።

«ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ። ዛሬ ለአንድ ሰው በግልጽ ቃል ንገረው፤ «ደብሮኛል» ሳይሆን «ራሴን ስለማጥፋት እያሰብኩ ነው» በል። ቤት ውስጥ የፀረ ተባይ መድኃኒትም ሆነ የተጠራቀመ ክኒን ካለ ያ ሰው ይዞት ይሂድ፤ ሌሊቱን ብቻህን አትደር፤ አብራችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይህን የምታነቡ ቤተሰቦችም በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም፤ ሐሳቡ ካለ ብቻውን እንዳይሸከመው ያደርጋል እንጂ።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው፤ ሴት ነኝ። ጫት ከነጨብሲው (ከቃሙ በኋላ ከሚጠጣው መጠጥ ጋር) ካቆምኩ አምስት ወሬ ነበር። ባለፈው የጓደኛዬ ሰርግ ላይ «በሞቴ!» ብለው ሁለት ብርጭቆ ወይን አጠጡኝ፤ በማግስቱ ተጠራርተን ቃምን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን ተኝቼ አለቅሳለሁ፣ ዱካክም ተመልሶብኛል። አምስት ወሬ ገደል ገባ። ከዜሮ መጀመር አልችልም። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 150 ቀን ያህል ሳትቅሚ ኖረሻል፤ የቃምሽው አንድ ቀን ነው። ሰውነትሽ በእነዚያ ወራት ያገኘው እንቅልፍና ምግብ አልጠፋም፣ እምቢ ማለት የተማርሽበት ልምድም አልጠፋም። የተንሸራተተ ሰውን ወደ ድሮው የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ያቺ አንድ ቀን ሳትሆን ቀጥሎ የምትመጣው «አንዴ ተበላሽቷል፣ እንግዲህ ምን ቀረኝ» የምትል ሐሳብ ናት። የሁለት ቀኑ ልቅሶም ግማሹ የጫቱ ነው፦ ምርቃናው ሲወርድ ድብርት፣ ድካምና ዱካክ ለጥቂት ቀናት ይኖራሉ። በእነዚህ ቀናት ስለ ራስሽ ምንም ፍርድ አትስጪ።

ዛሬ ብዪ፤ ባይርብሽም ሽሮም ይሁን ገንፎ። የሚያውቅሽ አንድ ሰው ጋ ደውይና የሆነውን ንገሪው። ከዚያ ወረቀት አውጪና ከመጨረሻው ወደ ኋላ ጻፊ፦ ቃምኩ፤ ከዚያ በፊት የማን ቤት ሄድኩ፤ ከዚያ በፊት ማን ደወለ፤ ከዚያ በፊት ጠዋት እንዴት ተነሳሁ፤ ከዚያ በፊት ሰርጉ ላይ ምን በልቼ ነበር፣ ከማን አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰንሰለቱ ሲወጣ ለመበጠስ የሚቀለው ቀለበት መጨረሻው ላይ እንደማይሆን ታያለሽ። ጫቱ ፊትሽ ተዘርግቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ስልኩን አለማንሳት ግን ቀላል ነው። ያንቺ ሰንሰለት የተጀመረው ወይኑ ላይ ይመስለናል። ጫትና ጨብሲ ለዓመታት አብረው ከኖሩ አንዱ ሲመጣ ሌላውን ይጠራል፤ ጫት ትቶ ቢራ የሚያስቀር ሰው ብዙ የማይቆየውም ለዚህ ነው።

ጫት አንድ የሚጠቅምሽ ጠባይ አለው። እንደ አረቄ ቁም ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም፤ ካቲኖን የተባለው ዋና ቅመሙ ከተቆረጠ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ይዳከማል። በኮባ ተጠቅልሎ በየቀኑ በጥድፊያ የሚጫነው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሀራራው በተነሳና ጫቱ አፍሽ በደረሰ መካከል ሁልጊዜ አንድ ጉዞ አለ፦ መደወል፣ ብር ማውጣት፣ መግዛት። ሀራራ እንደ ማዕበል ነው፤ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። የሻጩን ቁጥር አጥፊ፣ ከምሳ በኋላ ከታክሲ ሒሳብ በላይ ብር አትያዢ። ያ ጉዞ በረዘመ ቁጥር ማዕበሉ ቀድሞሽ ይወርዳል።

ለሚቀጥለው ሰርግ፦ በልተሽ ሂጂ። ገና ስትቀመጪ ብርጭቆሽን በለስላሳ ሙዪው፤ ባዶ ብርጭቆ አስተናጋጅ ይጠራል። «በሞቴ» ለሚል ሰው ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ «መድኃኒት ላይ ነኝ» በቂ ነው። ብርዝ ከቀረበልሽ የዛሬ መሆኑን ጠይቂ፤ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ፈልቶ ወደ ጠጅ መንገድ ጀምሯል።

ጥያቄ፦ አራት ወር ሆነኝ ካቆምኩ። እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችን፤ አሁንም የምንኖረው በሱ ነው። ሌላ ቤት የለኝም። ድፍድፉ ሲጣድ ሽታው ብቻ አፌን ያረጥበዋል። እዚህ ቤት ሆኖ መዳን አለ? (ከአርሲ ነገሌ)

መልስ፦ አለ፤ ግን ከሌላው ሰው ይልቅ ያንተ ሥራ ሽታውና ቦታው ላይ ነው። አፍህ መርጠቡ ድክመት አይደለም። አንጎልህ ያንን ሽታ ከመጠጣት ጋር ለዓመታት አጣምሮታል፤ ሽታው መጥቶ መጠጡ ካልተከተለ ጥምሩ በወራት ይላላል። አንድ ጉንጭ ሲቀመስ ግን እንደገና ይጠብቃል። ስለዚህ እናትህን «ሥራሽን ተዪ» አትበላት፤ ከምን ትኖራላችሁ? ይልቅ ሦስት ነገር ለምናት። የወጣው አረቄ በሚቆለፍ ሣጥን ይግባ፣ ቁልፉ እሷ ጋ ይሁን። ደንበኛ አንተ በምትተኛበት ክፍል አይቀመጥ። ጥንካሬውን መቅመስ ደግሞ የሌላ ሰው ሥራ ይሁን። «ለፈተና አንዴ ልቅመስ» የምትል ሐሳብ ከመጣችብህ እወቃት፤ ዳግም አረቄ (ሁለቴ የወጣው) እስከ 45 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይችላል፣ አራት ወር ያረፈ ሰውነት ደግሞ የድሮውን ያህል አይችልም።

እጅህን ከቤቱ ሥራ አታውጣ፤ ግን ጫፉን ያዝ፦ እህልና ጌሾ መግዛት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ውኃ መቅዳት። አተላውን ለከብት አድላቢ ማድረስ ገቢ አለው፤ ሽታው ግን ከድፍድፉ አይለይምና ለአሁኑ ለሌላ ተወው። እሳቱ በሚነድበት ሰዓት ከግቢ ውጣ። የት እንደምትሄድ ከዋዜማው ወስን፤ ያልተወሰነ መውጣት አረቄ ቤት በር ላይ ያደርሳል። ዘመድ ጋ ለጥቂት ወራት ማደር ከተቻለ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይበልጣል። ትንሽም ብትሆን ከአረቄ ያልመጣች የራስህ ብር እንድትኖርህ ጣር። አራት ወር የቆየ ሰው «ከዚህ መውጫ አለኝ» የሚለው ኪሱ ውስጥ ማስረጃ ሲያገኝ ነው።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ሁዳዴን ሙሉ ጠብታ አልቀምስም። ፋሲካ ማግስት ግን ከቀድሞው ብሼ እገኛለሁ። አሁን «አይሆንልኝም» ብዬ ተውኩት። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይሆንልኝም የሚል ሰው በየዓመቱ 55 ቀን አይቆይም። የጎደለህ ጽናት ሳይሆን የሃምሳ ስድስተኛው ቀን ዕቅድ ነው። ጾም መፍቻ አለው፤ ሰውነትም ፍስኩን እየቆጠረ ይጠብቃል፤ አንተም ከነጠላው ጋር መለኪያውን አዘጋጅተህ ነው የምታድረው። በዚህ ላይ ሁለት ወር ያረፈ ሰውነት የድሮውን መጠን በአንድ ሌሊት ሲቀበል አደጋው ከፍ ያለ ነው። በሚቀጥለው ሁዳዴ ደብረ ዘይት ላይ፣ እኩሌታው ሲደርስ፣ ከአንድ ሐኪም ወይም አማካሪ ጋር ለፋሲካ ሰኞ ሳምንት ቀጠሮ ያዝ። ለበዓሉ የት ጾም እንደምትፈታ፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት ወደ ቤት እንደምትመለስ ለባለቤትህ ወይም ለንስሐ አባትህ አስቀድመህ ንገር። ቤትህ ውስጥ ጠላ የሚጠመቅ ከሆነም ከእንግዶቹ ጋር ለጎረቤት ይሂድ፤ ዘንድሮ በግህን በለስላሳ ብላ።